ጎብኚ ወይስ እንግዳ?

ቋንቋችን «ጎበኘ» በሚል አንድ ግሥ ሁለት የተራራቁ ነገሮችን ይጠራል። አገር ለማየት፣ ጥንታዊ ሕንፃ ለማድነቅ፣ ተራራና ባሕር ለመመልከት የሚጓዘውን ሰው «ጎብኚ» እንለዋለን። የታመመውን ለመጠየቅ፣ የታሰረውን ለማጽናናት የሚሄደውንም እንዲሁ «ሊጎበኝ ሄደ» እንላለን። ለሕፃናት የምሕረት ሥራዎችን ስናስተምር «ሕሙማንን መጎብኘት» ብለን እናስጠናቸዋለን፤ ጳጳሳችን ወደ ቁምስናችን ሲመጡ «ሐዋርያዊ ጉብኝት አደረጉ» ይባላል፤ ካህኑ ዘካርያስም አንደበቱ በተፈታ ጊዜ ያመሰገነው እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ ጎበኘ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ግን ቲኬት የቆረጠና ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ መንገደኛም «ጎብኚ» ነው። ይህ የቃላት ድህነት ነው የሚል አይጠፋም። ለእኛ ግን ቃሉ ራሱ ጥያቄ የሚያቀርብልን ይመስለናል፤ ሄደን ያየነውን ስፍራና ያየነውን ሰው በእርግጥ ጎበኘነው ወይስ ተመልክተነው ብቻ ተመለስን?

ጥያቄውን በባዶ ሜዳ ከምናነሣው ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጠባብ መሬት ላይ በተገናኙበት ስፍራ ብናነሣው ይሻላል። ስፍራው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ከሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ሞሎካይ ናት። እኛ ደሴቲቱን በእግራችን አልረገጥናትም፤ የምናውቃት ስለ እርሷ ከተጻፈውና ከተነሡት ፎቶግራፎች ነው። ይህም ራሱ ከሩቅ ማየት መሆኑን አንዘነጋም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሎካይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 61 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ወርዷ ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደሴት ናት። ሰሜናዊ ዳርቻዋ ገደል ነው። ገደሉ በአንዳንድ ቦታ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ከዓለም የባሕር ዳር ገደሎች መካከልም ከከፍተኞቹ ይቆጠራል። ከዚህ ገደል ግርጌ ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው አንድ ዝቅተኛ ልሳነ ምድር ወደ ባሕሩ ወጥቷል፤ ስሙ ካላውፓፓ ይባላል። በሦስት በኩል ማዕበል፣ በአራተኛው በኩል ገደል ይከብበዋል። የመኪና መንገድ ከላይ ወደ እርሱ አይወርድም። በመካከሉ ጥልቀቱ ከ240 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ የያዘ የእሳተ ገሞራ አፍ አለ፤ በጫፉ ከ1909 ጀምሮ የቆመ የመርከብ መብራት ማማ አለ፤ ከዳርቻው ፈንጠር ብለው እንደ ሾጣጣ ድንኳን ከባሕር የተነሡ ዐለታማ ደሴቶች ይታያሉ። የሚበላውና የሚሠራበት ከባድ ዕቃ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ባሕሩ በሚረጋበት ወራት በጀልባ ይመጣል። ዓይን የሚፈልገው ውበት ሁሉ በዚያ አለ፤ የጎደለው ነገር የለም።

ያ ውበት ግን የእስር ቤት አጥር ሆኖ አገልግሏል። በ1865 ንጉሥ ካሜሃሜሃ 5ኛ የሥጋ ደዌን መዛመት ለመከልከል የወጣውን ሕግ ፈረመ። ጥር 6 ቀን 1866 የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሕሙማን፣ ዘጠኝ ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ካላዋኦ በተባለው በልሳነ ምድሩ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከመርከብ ወረዱ። ከዚያ ቀን አንሥቶ ሕጉ እስከ ተሻረበት እስከ 1969 ድረስ ስምንት ሺህ ያህል ሰዎች ወደዚያ ተልከዋል። አብዛኞቹ የሃዋይ ተወላጆች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሕፃናት ነበሩ። በዚያ የሚወለዱ ልጆች ከእናቶቻቸው ወዲያው ይወሰዱ ነበር። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ እንደ ሆነም ለብዙ ዘመን ሽቦ በመካከል ተዘርግቶ ነበር የሚነጋገሩት። ለቦታው የተመረጠበት ምክንያት አንድ ነው፤ ማንም ከዚያ አያመልጥም፣ ማንም ሳያስብ ወደዚያ አይደርስም። በአጭሩ ሕሙማኑ ከዓይን እንዲርቁ ነበር የተፈለገው።

እንግዲህ ካቶሊካውያን ይህን ስፍራ የምናውቀው በአንድ ሰው በኩል ነው። ዮሴፍ ደ ቬስተር በ1840 በቤልጂግ አገር ትሬሜሎ በተባለች መንደር ተወለደ፤ በኢየሱስና የማርያም ቅዱሳት ልቦች ማኅበር ውስጥ ዳምያን ተብሎ ገባ፤ በ1864 በሆኖሉሉ ክህነትን ተቀበለ፤ ግንቦት 10 ቀን 1873 በ33 ዓመቱ ካላዋኦ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በቅድስት ፊሎሜና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ዛፍ ሥር አደረ። ስለ ቅዱሳን በምንጽፍበት ጊዜ ድካማቸውን መደበቅ ስለምንወድ ይህንንም እንናገር፤ ከቁስል የሚወጣው ሽታ ከብዶት ነበርና እርሱን ለመቋቋም ፒፓ ማጨስ ጀመረ። ከዚያ ቤት ሠራ፣ የውኃ ቧንቧ ዘረጋ፣ ቁስል አጠበ፣ በመቶ የሚቆጠር የሬሳ ሣጥን በእጁ አበጀ። የመነጠል ሕጉ እርሱንም ያዘው። አንድ ጊዜ የማኅበሩ አለቃ በመርከብ በዚያ ሲያልፍ እንዳይወርድ ተከለከለ፤ ዳምያንም ወደ መርከቡ እንዳይወጣ ተከለከለ። ስለዚህ በትንሽ ጀልባው ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ኃጢአቱን ተናዘዘ። በ1884 እግሩን የፈላ ውኃ ውስጥ ከትቶ ምንም ሳይሰማው ቀረ፤ በዚህም በሽታው እንደ ያዘው ዐወቀ። ሚያዝያ 15 ቀን 1889 ዐረፈ፤ መጀመሪያ ባደረበት ዛፍ ሥርም ተቀበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1995 ብፁዕ ብለው ሰየሙት፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ በ2009 ቅዱስ ብለው አወጁት።

በቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል አንድ ልጅ «ዳምያን ባይታመም ኖሮ ቅዱስ ይሆን ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም በዚያው በካላውፓፓ ይገኛል። እናት ማሪያን ኮፕ የተባሉ ፍራንቸስካዊት መነኩሲት በ1888 ከእኅቶቻቸው ጋር ወደዚያ መጡ፤ ሠላሳ ዓመት ሕሙማን ልጃገረዶችን አሳደጉ፤ እጅ በመታጠብና በንጽሕና እጅግ ጥብቅ ነበሩ፤ በ1918 በ80 ዓመታቸው ሲያርፉ በሽታው አልነካቸውም ነበር። እርሳቸውም በ2012 ቅድስት ተብለዋል። ስለዚህ ነገሩ ከደዌው ላይ አይደለም። ታዲያ ከምኑ ላይ ነው?

እኛ ነገሩ ከገበታ ላይ ይጀምራል እንላለን። የሃዋይ ሰዎች ፖይ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ከጎደሬ ሥር ተቀቅሎና ተወቅጦ የሚሠራ ገንፎ መሰል ነው፤ በአንድ ዕቃ ዙሪያ ተቀምጠው በጣት ያነሡታል። ዳምያን ከሕሙማኑ ጋር ከዚያው ዕቃ በጣቱ ይበላ ነበር፤ ፒፓውንም ለጠየቀው ያውስ ነበር። ይህ ለአውሮፓ አንባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ አናውቅም፤ ከአንድ መሶብ ለሚበላ ሕዝብ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም። እንዲያውም ይህን ስናነብ ፊታችን ሊቀላ ይገባል፤ ምክንያቱም ከአባቶቻችን የተረከብነው አንድ ምሳሌ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ይላል። ምሳሌውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በስብሰባ መካከል ሳይቀር ስለ ሌላ ጉዳይ እየጠቀስን እንስቅበታለን። ያ ሳቅ የቆመው ግን አንድ ሰው ከገበታችን እንዳይደርስ በስሙ መምታት ይገባል በሚል ፍርድ ላይ ነው። ዳምያን በመጣበት በዚያው በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የበሽታውን ተሕዋስ አገኘ፤ ዛሬ ደግሞ ከሰው ልጆች እጅግ የሚበዙት በተፈጥሯቸው በሽታውን የሚቋቋሙ መሆናቸው፣ የያዘውም ሰው በመድኃኒት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ እንደሚድን ይታወቃል። ምሳሌው ግን ገና አልዳነም። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በሥጋ ደዌ መያዛቸው ይታወቃል፤ ብዙዎቹም ዘግይተው ወደ ሐኪም የሚሄዱት ከበሽታው ይልቅ ስሙን ስለሚፈሩ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለሌሎች አይደለም። ከዓመታት በፊት በትንሣኤ ሰሞን ከቁምስናችን ወጣቶች ጋር ሆነን ከሥጋ ደዌ የዳኑ አረጋውያን የሚኖሩበትን አንድ መንደር ጎብኝተን ነበር። ዘይትና ሳሙና ይዘናል፤ ካሜራም ይዘናል። ዕደላው በጥሩ ሥርዓት ተካሄደ። እያንዳንዱ ሲቀበል ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይህም ገንዘቡን ላዋጡት ሰዎች ማሳያ እንዲሆን ነበር። አንዲት እናት ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «እማማ፣ ቀና ይበሉ» አልናቸው። ቀና አሉ። ሳሙናውን ጣት በሌለው መዳፋቸው ደረታቸው ላይ ደግፈው አየት አደረጉንና «የማን ልጆች ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። የተከራየነው መኪና ጥሩምባ ይነፋ ነበር። «ከቤተ ክርስቲያን ነን፣ እማማ» ብለን ሄድን። መልስ የሰጠን መስሎን ነበር። ያ ፎቶግራፍ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ለብዙ ወራት ተለጥፎ ቆየ፤ ከሥሩ «ሕሙማንን ስንጎበኝ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ስማቸውን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ እርሳቸውም የእኛን አያውቁም።

«የማን ልጆች ናችሁ?» የባለቤት ጥያቄ ነው። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥ ያለው ደግሞ ማንነቱን ይጠይቃል፣ ከዚያ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል። ጠያቂው ቤት ያለው ነው፤ ተጠያቂው እንግዳ ነው። እኒያ እናት በዚያ ጥያቄ ቤታቸውን ከፈቱልን፤ እኛ ግን እንግዳ መሆን አልፈለግንም። ለማየት እንጂ ለመታየት አልመጣንምና።

ወደ ሞሎካይ እንመለስ። ካላውፓፓን የሚያይ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከላይ ነው፤ በገደሉ አናት ላይ ፓላአው በተባለው የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የመመልከቻ ቦታ አለ። ማንም ሰው እስከዚያ በመኪና ይሄዳል፤ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ መንደሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ፣ የመቃብሩን ረድፍ ከሥሩ ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይመለሳል። ከታች ያለ ሰው ማን እንዳየው አያውቅም። ሁለተኛው ወደ ታች መውረድ ነው፤ በእግር ቢሆን ሃያ ስድስት መጠምዘዣ ያለው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ቁልቁለት ነበር። (በ2018 መሬት ተንሸራቶ መንገዱ ተዘጋ።) ወይም በትንሽ አውሮፕላን ይገባል። ለመውረድ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።

የፈቃዱ ታሪክ ይህ ነው። መድኃኒቱ በ1946 ካላውፓፓ ደረሰ፤ የመነጠል ሕጉ ግን በይፋ የተሻረው ከ23 ዓመት በኋላ ነው። በሩ በተከፈተ ጊዜ ብዙዎቹ ነዋሪዎች አልወጡም። ለመሄድ ነፃ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጅነታቸውን፣ ጋብቻቸውንና ሙታናቸውን የያዘች መሬት አገራቸው ሆና ነበር። በ1980 ስፍራው ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ሆኖ ሲሰየም ሕጉ ነዋሪዎቹ እስከ ፈለጉ ድረስ በዚያ እንዲኖሩ ዋስትና ሰጠ፤ ጎብኚዎችን በማጓጓዝና በማስጎብኘት ለሚገኘው ሥራም ቀዳሚው መብት የእነርሱ እንዲሆን ደነገገ። የሚገባ ሰው ወይ የአንድ ነዋሪ እንግዳ ሆኖ፣ ወይ በተፈቀደው ጉብኝት ውስጥ ሆኖ ይገባል። በቀን ከመቶ ሰው በላይ አይገባም። ነዋሪውን ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ አይገባም፤ ሕፃናት ከእናቶቻቸው እቅፍ በተወሰዱበት መንደር የሕፃን ድምፅ አለመሰማቱ እጅግ መራራ ነገር ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ጉብኝቱ ሁሉ ተቋርጦ ነበር።

እነዚህን ደንቦች እንደ ቢሮ አሠራር የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል። እኛ ግን የሥነ ምግባር ትምህርት አድርገን እናነባቸዋለን። መቶ ዓመት ያለ ፈቃዳቸው የታሰሩ፣ ያለ ፈቃዳቸው የተመረመሩ፣ ያለ ፈቃዳቸው ፎቶግራፍ የተነሡ ሰዎች በመጨረሻ ያገኙት ነገር መዝጊያ ነው። «ግባ» ወይም «አትግባ» የማለት ሥልጣን አገኙ። ድሮ መንግሥት ከውስጥ እንዳይወጡ የዘጋውን በር አሁን እነርሱ ከውጭ ለሚመጣው ይከፍቱታል። ከላይ ከመናፈሻው የሚያየው ሰውና በፈቃድ የሚወርደው ሰው ያንኑ መንደር ያያሉ፤ ወራጁ ግን ሲያይ ይታያል፣ ሲጠይቅ ይጠየቃል። ጎብኚን እንግዳ የሚያደርገው ይህ ነው እንላለን። ኃጢአቱ ከማየት ላይ አይደለም፤ ሳይታዩ ለማየት ከመፈለግ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ አክብረን ልንመልስለት ይገባል። የታየው ሰው ካልፈቀደ ማየት አይገባም ካልን፣ በደል ሁሉ ተሸፍኖ አይቀርምን? ስምንት ሺህ ሰዎች ወደዚያ የተላኩት እንዳይታዩ ነበር፤ እንግዲህ «አናይም፣ ነውር ነው» ብለን ፊታችንን ብንመልስ የሕጉን ሥራ እንፈጽምለታለን። ይህ እውነት ነው። በየቤታችንም የምናውቀው እውነት ነው፤ የታመመን ዘመድ ከእንግዳ ዓይን ጓዳ ውስጥ የሸሸግን፣ «እንዳይሳቀቅ ብለን ነው» ያልን ስንቶች ነን? መሸሸግም እንደ ማፍጠጥ ሁሉ ሰውን ያሳንሳል። የካላውፓፓ ሰዎች ግን ከሁለቱ አንዱን አልመረጡም። በሩ ለዘለዓለም ይዘጋ አላሉም፤ ታሪካቸውን በገዛ አፋቸው እየተረኩ እንግዶችን በመንደራቸው ሲያዞሩ ኖረዋል። የፈለጉት መታየትን ማስቀረት ሳይሆን የሚታዩበትን ሁኔታ ራሳቸው መወሰን ነው።

ጸሐፊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ዳምያን ካረፈ ከአንድ ወር በኋላ፣ በግንቦት 1889፣ ወደዚያ ሄዶ አንድ ሳምንት ያህል ተቀምጧል። ለማየት የሄደ ሰው ነበር፤ ይህን አልካደም። ነገር ግን በእናት ማሪያን ቤት ከሚያድጉት ልጃገረዶች ጋር በሣር ላይ በእንጨት መዶሻ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱትን ጨዋታ ተጫወተ። ጓንት እንዲያደርግ ቢመከርም ልጆቹን እንዳያሳዝን ብሎ ሳያደርግ ተጫወተ ይባላል። ከሄደም በኋላ ፒያኖ ላከላቸው። በኋላ የዳምያንን ስም ያጎደፈ አንድ ደብዳቤ ታትሞ ባየ ጊዜ በ1890 የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ዝናው እስከ ዛሬ አለ፤ እኛ ግን ከደብዳቤው ይልቅ ያቺን ጨዋታ እንወዳታለን። የሚጫወት ሰው ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ኳሱ ወደ እርሱም ይመጣል።

እኛ ራሳችን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ወዳዶች፣ ከዚህ ፍርድ ነፃ አይደለንም። በ1936 የዳምያን አፅም ከመቃብሩ ወጥቶ በታላቅ ክብር ወደ ቤልጂግ ተወሰደ፤ ዛሬ በሉቨን ከተማ ይገኛል። ክብሩ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በዚያ የቀሩት ሕሙማን አዘኑ፤ ከእነርሱ ጋር ለመቀበር የመረጠውን ሰው ሌላው ዓለም እንዲሳለመው ወሰደባቸው። ከ59 ዓመት በኋላ፣ ብፁዕ በተባለበት በ1995፣ ቀኝ እጁ ተመልሶ በቀድሞ መቃብሩ ዐረፈ። ሙሉው ሰው ሄዶ እጁ ተመለሰ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እንለፈው።

ሌላም አለ። ዳምያንን በምንተርክበት ጊዜ ሕሙማኑን የእርሱ ሥዕል ጀርባ እናደርጋቸዋለን። እርሱ እስኪመጣ ድረስ በጨለማ ተቀምጠው የጠበቁ ይመስል። እውነቱ ግን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በደረሱበት በዚያው በ1866 ከመካከላቸው ሠላሳ አምስት ሰዎች ተሰብስበው የፕሮቴስታንት ማኅበረ ምእመናን መሠረቱ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም ሲሎአማ አሏት፤ ዕውሩ ሰው ታጥቦ ባየባት በሰሊሆም መጠመቂያ ስም ነው። የቅድስት ፊሎሜና ቤተ ክርስቲያንም የተሠራችው ዳምያን ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ እርሱ አሰፋት። ደግሞም «ኮኩዋ» የሚባሉ ነበሩ፤ ረዳት ማለት ነው። ጤነኛ ሆነው ሳለ የታመመ ባላቸውን፣ የታመመች ሚስታቸውን ተከትለው ወደዚያ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ከዳምያን በፊት ያደረገውን አድርገዋል፤ ሥዕል ግን አልተሣለላቸውም።

ዳምያን ይህን የሚያውቅ ይመስለናል። በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሲሰብክ «እኛ ለምጻሞች» እንደሚል ገልጿል። ብዙ ሰው ይህን የተናገረው ከታመመ በኋላ ይመስለዋል፤ ከመታመሙ ከዐሥር ዓመት በላይ በፊት ነበር። «እኛ» ማለት ቀላል ነው። በዚህ መጽሔትም ዘወትር እንላለን። ነገር ግን የዳምያን «እኛ» የእርሱ ግብዣ ብቻ አልነበረም፤ እነርሱም ተቀብለውት ነበር፤ ከዕቃቸው እንዲበላ ቦታ ለቀውለት ነበር። እንግዳ ራሱን ቤተሰብ ማድረግ አይችልም። ቤተሰብ የሚያደርገው የቤቱ ባለቤት ነው።

በአገራችንም የዚህ ታሪክ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ካፑቺኖች በ1901 በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፍተዋል፤ ከዚያም በዚያው አካባቢ በቢሲዲሞ ሌላ ተቋቁሟል፤ ለዚህ ሥራ ርዳታ ለማሰባሰብ በ1957 በጀርመን አገር የተመሠረተው ማኅበር ኋላ ለብዙ አገሮች ተርፏል። በየዓመቱ በጥር ወር መጨረሻ እሑድ የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ይከበራል፤ በብዙ ቁምስናዎችም መባ ይሰበሰባል፣ ጉዞ ይዘጋጃል። ጉዞውን አንቃወምም። ካሜራውን ማን እንደሚይዝና ፎቶግራፉ የት እንደሚለጠፍ ግን አስቀድመን ልንጠይቃቸው ይገባል። ከዕደላውም በፊት የመቀመጫ ጊዜ ይኑር፤ ቡና ቢያፈሉልን እንጠጣ። ከሕሙማን ቤት ቡና ሳይጠጡ ተመልሶ «ጎበኘን» ማለት እኛ የሠራነው ስሕተት ነው።

በካላውፓፓ የቀሩት የቀድሞ ሕሙማን ቁጥር በቅርብ ዓመታት ከአሥር በታች ወርዷል፤ ሁሉም በዕድሜ የገፉ ናቸው። የ1980ው ሕግ አንድ ቀን ነዋሪ ሕሙማን የማይኖሩበት ጊዜ ሲመጣ ስፍራው ለሕዝብ የሚከፈትበት ደንብ እንደ ገና እንዲመረመር ያዝዛል። ያኔ ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው? የመግቢያ ቁጥሩ ይነሣ፣ መንገዱ ይጠገን፣ ሆቴል ይሠራ የሚሉ ይኖራሉ፤ ምክንያታቸውም ሁሉ መጥፎ አይሆንም፤ ብዙ ሰው ቢያይ ብዙ ሰው ይማራል ይላሉ። እኛ በበኩላችን ሙታንም የቤት ባለቤቶች ናቸው እንላለን፤ ቢያንስ ዘመድ ያላቸው ሙታን። ከስምንት ሺሁ መካከል የሚበዙት የተቀበሩት ስም በሌለው መቃብር ነው። በ2009 የወጣ ሕግ የሁሉም ስም የሚቀረጽበት መታሰቢያ በዚያ እንዲቆም ፈቅዷል።

ወደ ልሳነ ምድሩ ከሚወርዱት መካከል አገር ለማየት ያልመጡ ሰዎች አሉ። የቅድመ አያታቸውን፣ የአያታቸውን እኅት ስም በወረቀት ጽፈው ይዘው ይመጣሉ፤ በቤታቸው ለሁለት ትውልድ በኀፍረት ያልተነሣ ስም ነው። በመቃብሮቹ መካከል ድንጋይ እያጎነበሱ ያነባሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉትን አያገኙም፤ ያን ጊዜ ወደ መንደሩ ተመልሰው በረንዳ ላይ የተቀመጠ አረጋዊ ካለ የያዙትን ስም ያሳዩታል፤ እርሱም የማን ልጆች እንደ ሆኑ ይጠይቃቸዋል።